እትብት መቅበሪያ

አምባ ሠላሳ፣ አሶሳ
ጥቅምት 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለአይናለም፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሆንሽ እናትሽ በየማታው ደውላ ትሰማለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሳልፈልግ እሰማለሁ። ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስልክ ጠልቼ አይደለም። ባለፈው ነገሬን ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ደብዳቤ አይዘጋም። ብትቀድጂው እንኳ መጀመሪያ ታነቢዋለሽ፤ አውቅሻለሁ።

"የአሶሳ ሆስፒታል ምን ጎደለው?" ላልሽው፣ ሆስፒታሉ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው አገሩ ነው። ለሰው ስም ይወጣለታል፤ ለውሻም ስም ይወጣለታል። እኛን ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩን ሰዎች ግን ስም መፈለግ ታክቷቸው አምባ አንድ፣ አምባ ሁለት እያሉ ቆጠሩን። ለእኛ ሠላሳ ደረሰን። አሁን ደግሞ ከተማው ከታመሰ ወዲህ ቁጥራችንም በዝቶባቸዋል። ባለፈው ለመታወቂያ ጉዳይ ቀበሌ ብሄድ፣ የአህያዬን ዕድሜ ያህል እንኳ ያልኖረ ጎረምሳ "አባት፣ ነባር ነዎት ወይስ መጤ?" ብሎ ጠየቀኝ። የተቀመጠበት ቤት ሲሠራ ማገሩን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ያኔ እናቱም አላሰበችው።

ስለዚህ የልጅ ልጄ መጤ እየተባለ አያድግም። ደላንታ ትወልጃለሽ፤ አባቴ በተወለደበት፣ የእኔም እትብት በተቀበረበት ግቢ። ልጁ የትም ቢኖር አንድ ቀን "ከየት ነህ?" ሲሉት፣ እትብቴ የተቀበረው እዚያ ነው ብሎ የሚጠራው አፈር ይኖረዋል። ወንድሜ ቢሞትም ልጆቹ አሉ። እኔ ቀድሜ ሄጄ አራስ ቤቱን አሰናዳለሁ፤ አንቺ ትከተይኛለሽ።

ባልሽ ይፈቅዳል ወይ ብለሽ ደግሞ አትጠይቂኝ። የወለጋ ጴንጤ ሲያገባሽ እኔን አላስፈቀደኝም። ቧንቧ ጠጋኝ ነው አሉ፤ ቧንቧውን ይጠግን። የእኔን ደጅ ግን በሠርግሽ ጊዜ እንዳልኩት አይረግጥም።

ይህን ለቶንጎ ሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ቶሎ መልሺ።

አባትሽ
የሻው


ቶንጎ
ጥቅምት 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ የሻው፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ክፍል ይገባል፤ ተማሪዎቼም ከእኔ ይልቅ ለእሱ ይነሣሉ። ጃለታም ደህና ነው። ሰላም በይልኝ ብሎኛል፤ አክባሪ ሰው ስለሆነ ነው እንጂ እኔስ ለማን ብዬ?

ደብዳቤዎን አልቀደድኩትም። ለጃለታ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቧንቧ ጠጋኝ የሚለው ላይ ስደርስ እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ይህ ሰው የሚጠግነው ፓምፕ የቶንጎን ግማሽ ሕዝብ ያጠጣል። የእርስዎ ደላንታ ይህን ሁሉ ዘመን አንዲት ጣሳ ውሃ ልኮልዎት ያውቃል?

ለምን ደላንታን ትጠዪዋለሽ ብለው ለእናቴ መናገርዎን ሰምቻለሁ። ለመጥላትም ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የማውቀው ደላንታ እርስዎ ምላስ ላይ ያለውን ነው፤ ምስሩ ያለ ዘይት የሚጣፍጠውን፣ ውሃው በሽተኛ የሚያድነውን፣ ሰው የማይዋሽበትን። እንዲህ ያለ አገር የሚገኘው በሰማይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚገባው ሞቶ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ልጅ ሆኜ ግቢያችን ለምን አንድ ዛፍ የለውም ብዬ ስጠይቅዎት፣ "ለከርሞ አገራችን እንገባለን፤ ለማን እንተክላለን?" ይሉኝ ነበር። በርታዋ ጎረቤታችን ሳሊማ የተከለችው ማንጎ ዛሬ ቅርንጫፉ በእኛ አጥር ላይ ወድቋል። የሳሊማን ማንጎ እየበሉ፣ ማንጎው ገና ጉሮሮዎ ሳይደርስ የሳሊማን አገር ይሰድባሉ። አፍዎ እንዴት እንደሚበቃዎት ይገርመኛል።

ወጉንም ቢሆን ረስተውታል። ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ቅድመ አያቷ ግቢ የሚል ወግ ከየት አመጡ? ገንፎ የምታገነፋ፣ ወገቤን የምታሽልኝ፣ ሳለቅስ የምትቆጣኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ያለችው ደግሞ አምባ ሠላሳ ነው።

ለመሆኑ እሷ ምን አለች? ይህን ሁሉ ሲወስኑ ስሟን እንኳ አላነሡም።

ልጅዎ
አይናለም


ደላንታ
ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአይናለም፣

ይኸው ገብቻለሁ። መልስሽን ያነበብኩት መኪና ላይ ነው፤ አጠገቤ የነበረው ሰው ምን ሆነሃል ሲለኝ ልጅ ወልጄ ነው አልኩት።

አየሩን ባየሽው! አሶሳ እስከ ዛሬ የተነፈስኩት አየር ሳይሆን የድስት እንፋሎት ነው። እዚህ ሰው ሲናገር ከአፉ ጭስ ይወጣል። ብርዱ ትንሽ ጠንከር ብሎ ጉንፋን ይዞኛል፤ ግን የጤና ጉንፋን ነው። ቆላ ላይ ተንዘላዝሎ የኖረ ሰውነት መጀመሪያ እንዲህ ይላል አሉ።

የአባትህ ቤት ቆሞ ነው ወይ ብለሽ በእናትሽ በኩል ላስጠየቅሽኝ፣ ቤት ማለት ግድግዳ አይደለም። ቦታው አለ። የወንድሜ ልጆች ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል፤ ሥራ ይበዛባቸዋል። እኔ ለጊዜው ያረፍኩት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንድ ቄስ ዘንድ ነው፤ ለጸሎት ይቀርበኛል ብዬ ነው። አራስ ቤቱን በተመለከተ ገና እየተነጋገርን ነው። አገሬው ጨዋ ስለሆነ ነገር ተንተርሶ አድሮ ነው የሚወስነው፤ እንደ አሶሳ ሰው ደርሶ አዎ አይልም።

እናቴ ምን አለች ላልሽው፣ ዝም አለች። ስንቄን ቋጠረች፣ ጋቢዬን አጥባ ሰጠችኝ፣ እስከ መኪና መሳፈሪያው ሸኘችኝ፤ ከዚያ ዝም። ዝምታ እሺታ ነው። ደግሞስ ሀ ሁ ያልቆጠረች ሴት ምን እንድትልሽ ነበር የፈለግሽው? እኔ ቢያንስ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ተነሺ። ወፍራም ሹራብ ያዢ።

አባትሽ
የሻው


ቶንጎ
ኅዳር 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ለጉንፋንዎ እግዜር ይማርዎ፤ ለጤናው ጉንፋን ማለቴ ነው።

ያደግኩት የእርስዎን አፍ እየሰማሁ ነውና ያላሉትንም እሰማለሁ። ቤት ማለት ግድግዳ አይደለም ሲሉኝ ግድግዳው እንደፈረሰ ገባኝ። የወንድሜ ልጆች ሥራ ይበዛባቸዋል ሲሉኝ ና ብላ እንዳላሉዎት ገባኝ። ለጸሎት ይቀርበኛል ያሉት ላይ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አምባ ሠላሳ ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን በድንጋይ ውርወራ ነው ያለው፤ እርስዎን ግን እግርዎ የሚያደርስዎት ለተዝካር ብቻ ነበር። የቄሱ ሚስት ምን እያበላችዎት ነው? ምስሩ እንዴት ነው?

ዝምታ እሺታ ነው ያሉትንም ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። "ዝም አይነቅዝም" አለችኝ። ቤት ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ "የገንፎው እህል ተፈጭቷል" አለችና ስለ ዶሮዎቿ ማውራት ጀመረች።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ከእናቴ ሰምተው ለምን ደበቅሽኝ ብለዋል አሉ። የደበቅኩት ነገር የለም፤ እግሬ አብጧል፣ ራሴንም ያመኛል። አዋላጇ ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ከአሁን ወዲያ ሆስፒታል አጠገብ ሁኚ ብላኛለች። ስለዚህ ደላንታ የሚባለው ነገር አልቋል፤ ቶንጎም አልቋል። የቀረኝ ሁለት ነው፤ ወይ አምባ ሠላሳ እናቴ ዘንድ፣ ወይ ባምባሲ አማቴ ቀነኒ ዘንድ። ቀነኒ አልጋ አዘጋጅታ እየጠበቀችኝ ነው፤ "ኮቱ፣ ነይ ልጄ" እያለች በየቀኑ ትደውላለች። እሷ ቤት ጃለታን ደጄን አትርገጥ የሚለው የለም።

እኔ ግን የምፈልገው እናቴን ነው። ፈርቻለሁ፤ እውነቱን ልንገርዎት። ያለ እናቴ መውለድ አልፈልግም። ያለ ጃለታም አልወልድም፤ ባሌን በር ላይ አቁሜ እናቴ ቤት አልተኛም። በሁለቱ መካከል የቆሙት እርስዎ ነዎት፤ ያውም ደላንታ ሆነው! ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ቆሞ ነው መንገድ የሚዘጋው።

እናቴ እርስዎ በሌሉበት ልታስገባው ትችላለች። ግን እርስዎ ቃል ያወጡበትን በር ከፍታ ዕድሜ ልኳን ስትነዘነዝበት እንድትኖር አልፈልግም። ስለዚህ በእጅዎ ይጻፉልኝ። "ጃለታ ይግባ" ማለት ሁለት ቃል ነው። መሠረተ ትምህርት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነበር?

ልጅዎ
አይናለም


ደላንታ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአይናለም፣

ያላልኩትን እንደ ጠንቋይ ማንበብሽን ተዪ። ደህና፤ ጠየቅሽኝ፤ ልንገርሽ።

የወንድሜ ልጆች ሽማግሌ ሰብስበው ጠሩኝ። እኔ ሞኙ ሊያከብሩኝ መስሎኝ ጋቢዬን አጣፍቼ ሄድኩ። "መሬት ልትጠይቅ ከሆነ የመጣኸው እዚሁ ሰው ፊት ተናገር" አሉኝ። መሬት አይደለም፣ ልጄ የምትወልድበት አንድ ክፍል ልለምን ነው ብላቸው ተያይተው ሳቁ። "ምነው፣ አገርህ ሐኪም የለም?" አለ አንዱ። አገርህ አለኝ! አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ። እርጉዝ አስቀድሞ ርስት ሊበላ መጣ ብለው ነው የተማከሩት። ቁርጥ አባቴን የሚመስለው ትንሹ ደግሞ ጓደኛው ጆሮ ላይ "መጤ" ሲል ሰማሁት። እዚህ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ "የአሶሳው ሰውዬ" ነኝ።

እነዚህ ናቸው እንግዲህ የእኔ ደላንቶች። ስስታም፣ ተጠራጣሪ፣ እንግዳ ሲያዩ በር የሚዘጉ። ምስሩም አይጣፍጥም፤ ድንጋይ ይበዛዋል። ባለፈው አንድ ጥርሴን አነቃነቀኝ።

አሁን እየሳቅሽ ነው። ሳቂ። ግን ስትጨርሺ ይህን አንብቢ፤ አምባ ሠላሳ አትውለጂ።

ወንድም እንደነበረሽ እናትሽ ነግራሻለች። እኔ ነግሬሽ አላውቅም። በሰፈርን በዓመቱ ክረምት ላይ ተወለደ። ወባው ጊዜ ነው፤ ከየቤቱ ሬሳ ይወጣ ነበር። ልጁ ክርስትና ሳይነሣ፣ ስም ሳናወጣለት ሞተ። ቄስ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም። ሳሊማ አጥባ ገነዘችው፤ እኔ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት። እናትሽ ከአልጋ አልተነሣችም ነበር።

ለምን ዛፍ አልተከልክም እያልሽ ዕድሜ ልክሽን ትስቂብኛለሽ። ልጄን የበላ መሬት ላይ ምን ልትከል? ለከርሞ አገራችን እንገባለን ያልኩሽ ሌላ የምልሽ ስላጣሁ ነው። የቀበሌው ጎረምሳ መጤ ማለቱም ያንገበግበኛል፤ እውነት ነው። ዋናው ግን ይህኛው ነው። ያ መሬት የመጀመሪያ ልጅ ይበላል። እፈራዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ደስ ይበልሽ።

ስለዚህ ባምባሲ ሂጂ። ቀነኒ ጴንጤም ብትሆን ሴት ናት፤ ገንፎ አታጠፋም። ሁለቱን ቃል አልጽፍልሽም። ባልሽን ንቄ ብቻ እንዳይመስልሽ። እሱን መናቅስ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ቀንሶልኛል፤ የሚናቅ ሰው በዝቶብኛል። የማልጽፍልሽ፣ ከጻፍኩልሽ አምባ ትሄጃለሽ ብዬ ነው።

አባትሽ
የሻው


ደላንታ
ጥር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአይናለም፣

መልስ አልመጣም። ቀንሽ ሳይደርስ አልቀረም።

ያንቺ ስልክ አይሠራም። "የደወሉላቸው ደንበኛ" የምትለዋ ሴትዮ ትመልስልኛለች። ከእሷ ጋር ተላምደናል፤ ቢያንስ ምን ልታደርግ መጣህ አትለኝም። የእናትሽ ይጠራል፤ አታነሣውም። ባሏ ሲደውል የማታነሣ ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት?

ቄሱ እስከ መቼ ነህ ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። እንግዳ መሆን ሰልችቶኛል። ግን መልስሽ ከዚህ ከሄድኩ በኋላ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል ብዬ ተቀምጫለሁ፤ የወንድሜ ልጆች ከፍተው አንብበው ርስት ይፈልጉበታል።

ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለሽ ጻፊ። አልጽፍልህም ካልሽም፣ አልጽፍልህም ብለሽ ጻፊልኝ።

የሻው


አምባ ሠላሳ፣ አሶሳ
የካቲት 1 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

የደብዳቤውን ራስጌ አይተው ደንግጠዋል። ትንሽ ይደንግጡ፤ እኛም ደንግጠን ከርመናል።

ሴት ልጅ ናት። ጥር 14 ቀን አሶሳ ሆስፒታል ተወለደች። ግፊቱ ክፉኛ ተጫውቶብኝ ነበር፤ አሁን ተርፌያለሁ፤ እጄ እንደሚያዩት መጻፍ ችሏል። ልጅቷ ደህና ናት፤ ስትጮህ እርስዎን ናት። ሌላውን እናቴ ከፈለገች ትንገርዎት፤ እኔ ማስታወስ አልፈልግም።

ማን አምባ ሂጂ አለሽ ሳይሉኝ በፊት ልንገርዎት። የእርስዎ መልስ ሲዘገይ ባምባሲ ገብተን ነበር። በማግስቱ እናቴ ብቻዋን በሚኒባስ መጣች፤ ደርግ አምጥቶ ካወረዳት ወዲህ ከአሶሳ ወጥታ የማታውቀው ሴት! ቀነኒን አቅፋ ሳመቻት፣ የሰጠቻትን ሻይ ጠጣች፣ "ልጄን ልወስድ ነው፤ አንቺም ለገንፎው ትመጫለሽ" አለቻት። ጃለታ ደጅ ቆሞ እግሩን ሲያይ "አንተ ደግሞ ምን ትጠብቃለህ? ዕቃውን አንሣ እንጂ!" ብላ ጮኸችበት። እኛ በደብዳቤ ሁለት ቃል ስንለማመን ከረምን። አሁን እርስዎ አልጋ ላይ የሚተኛው እሱ ነው። ጓዳው ያፈስ ነበር፤ ጠግኖታል።

ስልክ የማታነሣው ለምን እንደሆነም ጠየቅኳት። "ሲበርደው ይመጣል" አለች።

ሳሊማ በየቀኑ ትመጣለች። ልጅቷን አቅፋ "ማሻ አላህ፣ ልጅ ቆንጆ ነው! አባት የሻው የት ሄደ? ወላሂ፣ ሰው ልጅ ሲመጣ ይሸሻል?" ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ደላንታ አራስ ቤት ሊሠራልን ሄደ ልበላት?

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ከቶንጎ ዞረው ደረሱኝ። የልጅቷ እትብት የወደቀ ቀን ለእናቴ አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ ወንድሜ የጻፉት ላይ ስደርስም እጇን አላቆመችም። ስጨርስ "ጻፈው እንግዲህ" አለች። እኔ ግን እስከ ማታ አለቀስኩ። በእርስዎም ተናደድኩ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ስንሰዳደብ አንድ ቀን እንኳ ሊነግሩኝ አልቻሉም?

በማግስቱ ጠዋት እናቴን የልጅቷን እትብት በጨርቅ ጠቅልላ፣ ዶማ ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ አየኋት። ግድግዳ ይዤ ተከተልኳት። አባቴ እኮ መሬቱን ይፈራል፣ እሱ ሳይኖር የት ልትቀብሪው ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ በንቀት አይታኝ አታውቅም፤ ንቀቱ ግን ለእኔ አልነበረም።

"አባትሽ ደላንታ የተቀበረ እትብት አለው" አለችኝ። "ምን አበላው?"

ቆፍራ አስገባችው። አፈሩን በእግሯ ረገጥ ረገጥ እያደረገች፣ ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው አላውቅም፣ "አጎቷም ብቻውን ብዙ ተኛ" አለች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገንፎዬን ልታገነፋ ገባች።

ከደላንታ ሌላ ደብዳቤ አይጻፉልኝ፤ አልመልስም። ልጅቷን ሳሊማ አይታታለች። ቀነኒ አይታታለች። ቧንቧ ጠጋኙ ሌት ተቀን ያያታል። ያላያት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አይናለም